ለውጭ አገር ልጆች የሚላክ የጎጃም ስንቅ፦ ከወፍጮ በፊት የሚለቀመው

ባሕር ማዶ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ስንቁ ሲደርሳቸው ከፍተው ያሸቱና «ንጹሕ ነው?» ብለው ይደውላሉ። ጥያቄው ዘግይቷል። በርበሬም ሽሮም አንዴ ከተፈጨ የተቀላቀለበትን ዓይን አይለየውም፣ ወንፊትም አያጣራውም። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለው ዘመድ ሁሉንም ሳይፈጭ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ራሱ ያስፈጭ። ተፈጭቶ የሚሸጥ በርበሬ ለልጅ አይላክ።

ብዙ ድካም የሚፈልገው በርበሬ ነው። ነጋዴው ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ ያርከፈክፍበታል፤ ሻጋታውም ከዚያ ይነሣል። የቡሬ ዛላ ስትገዙ እፍኝ አንሡና ነቅንቁ፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፤ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ተዉት። ከላይ አምሮ ከውስጥ የሻገተ ብዙ ስለሆነ ስትቀነጥሱ እያንዳንዱን ሰንጥቃችሁ እዩ። ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ብናኝ የያዘውን ሙሉውን ጣሉት፤ የተበላሸውን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም አይሠራም።

ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈለገው አፍላቶክሲን በተባለው የሻጋታ መርዝ ምክንያት ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ማመስም ወጥ ማብሰልም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት ለገበያ በሚቀርብ በርበሬ ላይ የሚፈቅደው በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም አይበልጥም፤ በዓይን የማይታይ መጠን ነው። መልቀም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ዋስትና አይሰጥም፣ ስለዚህ ከመነሻው ደረቅ ዛላ መግዛት ይበልጣል።

በርበሬው በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከተደለዘ እርጥቡ ከአንድ ሌሊት በላይ አይደር። በማግስቱ ከአፈር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ በንጹሕ ሸራ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት አስገቡ። ክረምት ላይ ይህን ሥራ አትጀምሩት።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ድንጋዩ ላይ የቀረ ስንዴ ግሉተን ለማይስማማው ልጅ፣ የቀረ ለውዝ ደግሞ የለውዝ አለርጂ ላለበት ልጅ ክፉ ነው። ወፍጮውን አስጠርጋችሁ መጀመሪያ የወጣውን አንድ ኪሎ ያህል ለቤት አስቀሩ፤ አለርጂው ከባድ ከሆነ ግን ይህም አይበቃም፣ ወላጆቹ እዚያው ባሉበት በቤት መፍጫ ይፍጩት። ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩስ ስለሚወጣ ወዲያው ከታሸገ ያልበዋል። በጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ሲቀዘቅዝ እሰሩት።

ሽሮ ላይ የሚያሳስበው ጓያ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይቀላቀላል። አንድ ቀን የተበላ ጓያ ሽሮ አያሽመደምድም፤ እግር የሚያሽመደምደው ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ግን ልጅ በየቀኑ ሽሮ የሚበላበት ቤት ካለ ለምን ይገባል? ጓያ ሳይከካ ይታወቃል፦ አተር ድቡልቡል ሲሆን ጓያ ማዕዘን አለው፣ መጥረቢያ ይመስላል። ከተከካ በኋላ ግን ቢጫው ከአተር ክክ ጋር ይመሳሰላልና ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ክኩ።

ነቀዝ ያስጠላል እንጂ መርዝ አይደለም። መርዙ ነቀዝ እንዳይገባ ተብሎ ጆንያ ውስጥ የሚጣለው የፎስቶክሲን ኪኒን ነው፤ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። በምንም ዓይነት ስንቅ ውስጥ አይግባ፤ እህሉን ኪኒን ነክቶት እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው መድኃኒት የሚያስፈልገው ነገር የለም።

አያት አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ማርና ቅቤ መያዟ የታወቀ ነው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት እንኳ አይቀመስ፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ጡንቻ የሚያዝል ሕመም የሚያመጣው ተሕዋስ ዘር ሊኖርበት ይችላል፣ ቤት ውስጥ ማፍላትም አይገድለውም። ሆድ ድርቀት፣ የደከመ ለቅሶና ጡት ለመሳብ መድከም ከታየ ሐኪም ቤት ወዲያው ነው። ማሩን እናትየው ትብላ። ለጨቅላው ቅቤ ማላስም ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ በሻንጣ አይገባም፤ ንጥር ቅቤና ቋንጣም እዚህ ውስጥ ናቸው። ማር እስከ 2 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ በቅቤው ፈንታ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ብቻ ላኩ። እዚያ 1 ኪሎ ጨው የሌለው ቅቤ ተገዝቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ ገብቶበት በዝግታ እሳት ይነጠር። መንጣጣቱን ሲያቆም ውኃው አልቋል፤ አጥልሉት። ቅቤው ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ በሙቀት የተገደለ) ስለሆነ ከገበያ ጥሬ ቅቤ ይልቅ ለልጅ የሚያሳስበው ያነሰ ነው።

ተቀባዩ ዱቄቱን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ፍሪዘር ያስቀምጥ። ዕቃው ሲወጣ እንደታሸገ ቆይቶ ቅዝቃዜው ይልቀቅ፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ዱቄቱ ላይ ያርፋል። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። የሻገተ ከሸተተ የጓጎለውን ለይቶ ሳይሆን ሙሉውን መድፋት ነው፣ ቢያሳዝንም።

ከመላካችሁ በፊት በየከረጢቱ ላይ የተፈጨበትን ቀንና የገባውን ሁሉ በእስክሪብቶ ጻፉበት፦ ሽምብራ፣ አተር፣ አብሽ። የለውዝ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ልጆች አብሽም አይስማማቸውም፤ ሐኪሙም የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ነበረበት?» ነው።