ቴሌስኮፕ ለሌላችሁ፦ ሰባቱን ከዋክብት በላፕቶፕ አጥኑ

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በከዋክብት ላይ መሥራት የምትፈልጉ፣ ቴሌስኮፕ የለኝም ብላችሁ ርዕስ አትቀይሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋያ (የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ) ሦስተኛ ዳታ 1.8 ቢሊዮን ገደማ የሰማይ አካላትን ይዟል፤ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ቶፕካት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑ፣ ጃቫ ካላችሁ ይሠራል።

በፕሊያዲስ፣ ማለትም በሰባቱ ከዋክብት ጀምሩ። በቶፕካት የታፕ (TAP፣ ዳታ በኢንተርኔት መጠየቂያ) መስኮት በዙሪያቸው 2 ዲግሪ ድረስ ያለውን ከጋያ ዳታ ጠይቁ፤ ፓራላክሳቸው (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ የሚያሳየው ጥቃቅን የቦታ ለውጥ፣ ርቀቱን የሚጠቁመን) ከ7 እስከ 8 ሚሊ አርክሰከንድ (በጣም ትንሽ የማዕዘን መለኪያ) የሆኑትን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ በሁለቱ አቅጣጫዎች (ምሥራቅ-ምዕራብ እና ሰሜን-ደቡብ) ያላቸውን የሰማይ ላይ እንቅስቃሴ በግራፍ አውጡት። በዓመት 20 እና -45 ሚሊ አርክሰከንድ አካባቢ ነጥቦቹ አንድ ላይ ተፋፍገው ታያላችሁ። አብረው ተወልደው አብረው የሚጓዙት እነሱ ናቸው! መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከስክሪኑ መነሳት አቃተኝ።

አንድ አደራ፦ ውጤቱ ልክ 2000 መስመር ሆኖ ከመጣ ዳታው ተቆርጧል ማለት ነው። እኔ ሳላውቅ በተቆረጠ ዳታ ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ። የጥያቄውን ዓይነት ከሲንክሮነስ (ውጤቱን ወዲያው ከሚሰጠው) ወደ አሲንክሮነስ (ከበስተጀርባ ሠርቶ ሲጨርስ ወደሚሰጠው) ቀይሩና ድገሙት። የፓራላክስ ስህተቱ ትልቅ የሆነውን ኮከብ ርቀት ደግሞ 1ን ለፓራላክስ በማካፈል አታውጡ።