ሰብታይትል ለማያነቡ እናቶች ፊልም በአማርኛ እንዴት እናሳይ

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋሮቢት ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም ማስጫኛ ቤት ብትገቡ ቀድሞ የሚጠየቀው "ትርጉም አለ?" ነው፣ ያለፈቃድ በአማርኛ የተተረከ የውጭ ፊልም ማለት ነው፣ ሰው ሌባ ሆኖ አይመስለኝም፣ በህጋዊ መንገድ ልግዛ ቢል የሚሸጥለት ስለሌለ ነው። ህጉ ግን ግልፅ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ስራን መተርጎም የባለቤቱ መብት ነው፣ ተርጓሚው የቱንም ያህል ቢለፋ ካላስፈቀደ ያው ህገ ወጥ ነው።

መጀመሪያ በነፃ ያለውን ጨርሱ። ዲሽ ካላችሁ ቃና አለ፣ ከ2008 ጀምሮ የቱርክና የኮሪያ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያሳይ የቆየ ነው። ተከታታይ ስለሆነ ግን ቁጭ ብሎ በአንድ ማታ አንድ ፊልም መጨረስ ለሚፈልግ አይሆንም።

ቴሌግራም ለምትሄዱ (እንደምትሄዱ አውቃለሁ) የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ፊልም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤምፒፎር ወይ ኤምኬቪ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ኤፒኬ ካለ አፕ ስለሆነ አትንኩት። ሙሉ ፊልም ነው ተብሎ 15 ሜጋ ብቻ ከሆነም እለፉት፣ ስልኩ ላይ ቴሌብር ያለው ሰው ደሞ ብሩ እንዳይሰረቅ ጭራሽ እንዳይሞክረው።

ዩቲዩብ ላይ የህንድ ፕሮዲውሰሮች ራሳቸው የለቀቁት ሙሉ ፊልም ሞልቷል። በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ሰብታይትል ካለው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውቶ ትራንስሌት ስትሉ አማርኛም አለ። ሽማግሌውን "አንቺ" እያለ ያስቃችኋል ግን ታሪኩን ለመያዝ ይበቃል፣ የሚያነበው እናንተ እንጂ እማማ አይደሉማ።

ከዛ ራሳችሁ ተርኩላቸው፣ እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይሄን ነው። ፊልሙን ቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት፣ ማታ ድምፁን ቀንሱት እንጂ አታጥፉት፣ ሙዚቃውና ለቅሶው ግማሹን ስራ ይሰራላችኋል። ቃል በቃል አትከተሉ፣ አራት ሰው ባንዴ ሲንጫጫ "መሬቱን ሽጥ እያሉት ነው፣ እሱ እንቢ አለ" ካላችሁ አለቀ። የውጭ ስም ተዉት፣ "ታላቅየው"፣ "እንጀራ እናትየዋ" በሉ፣ የመንዝ እናቶች ስም ባይዙም ማን የማን ልጅ እንደሆነ አንዴ ከሰሙ ከናንተ በላይ ነው የሚይዙት፣ እንደውም መጨረሻውን ቀድመው ይነግሯችኋል። "እርስዎ" የሚባልበትን ቦታ ጠብቁ፣ ምራት አማቷን "አንቺ" ካለች ፊልሙ ቀርቶ የልጅቷ አስተዳደግ ነው የሚወራው። ሲጠይቁ ፖዝ አርጉት፣ "ቆይ ይደርሳል" አትበሉ፣ ያኮርፋሉ።

ለሌላ ጊዜ እንዲሆን ትረካውን በስልክ መቅዳትም ይቻላል፣ ስትቀዱ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ክፍል ይሻላል፣ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ግን ቅጂውን ከፊልሙ ጋር አዋህዳችሁ ቻናል ላይ አትጫኑት፣ ያኔ እናንተም ፍላሽ ከሚጭነው ልጅ አትለዩም፣ እሱ እንኳ ቢያንስ የቤት ኪራይ አለበት።