በሙያዎ አንቱ ለመባል ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየሙያው አንድ ከባድ ጥያቄ ሲነሳ «እሷን ብንጠይቃትስ?»፣ «እሱ ምን ይላል?» የሚባልላቸው ሰዎች አሉ። ሹመት ላይኖራቸው ይችላል። ባልደረቦቻቸው ግን እነሱ ባሳዩት መንገድ ይሠራሉ። እዚህ ደረጃ ለመድረስ መመኘት ነውር የለበትም። እንዲያውም ብዙ ባለሙያዎች ቢመኙት ደስ ይለኛል፤ የሚያውቁትን ይዘው ዝም ያሉ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸውና። አብዛኛው ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ችሎታ አንሶት አይደለም። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ናቸው የሚያስቀሩት።

ከስም መጀመር

ጥሩ ፎቶ መነሳት፣ ሊንክድኢን ላይ ከስም ሥር «ኤክስፐርት፣ አማካሪ፣ ተናጋሪ» ብሎ መደርደር፣ ከዚያ «አሁን ስለ ምን ልጻፍ?» ማለት። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ሥራዎ ላይ ደጋግሞ የሚያስቸግረውን ነገር ይፈልጉ። ባልደረቦችዎ በየጊዜው እየመጡ የሚጠይቁዎት ምንድን ነው? አዲስ ተቀጣሪ ሁሌ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ሁሉም «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ የሚያልፈው፣ እርስዎ ግን ልክ አይደለም የሚሉት የቱ ነው? ለአንዱ እንኳ መልስ ካለዎት የሚናገሩት አለዎት። ከሌለዎት ትንሽ ይቆዩ። ሥራው ራሱ ያመጣዋል።

ማንም ሊለው የሚችለውን መናገር

ከሁሉም የተለመደው ስህተት ይህ ይመስለኛል። «ጥንቃቄ የስኬት ቁልፍ ነው»፣ «ዘመኑ የዳታ ነው»። ማንም አይቃወመውም። ማንም ግን በእሱ ሥራው አይቀልለትም።

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። «ሂሳብ ስንዘጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል» ብትጽፍ ሰው ላይክ አድርጎ ያልፋል። እንዲህ ብትጽፍስ? «ዴቢቱና ክሬዲቱ፣ ማለትም እኩል መምጣት ያለባቸው የመዝገቡ ሁለት ድምሮች፣ አልገጥም ካሉ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ ቦታ የተለዋወጡ አሃዞች ፈልጉ። 5,840 መባል ሲገባው 5,480 ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ 360 ነው። 360 ለ9 ሲካፈል 40 ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። አንድ ዜሮ ተዘሎ 500 የነበረው 50 ቢባልም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ 450 ይሆናል።»

ይህን ያነበበ ጀማሪ፣ ወር መጨረሻ ላይ ሂሳቡ አልዘጋ ሲለው ያስታውሳታል። ዘዴው የቆየ ነው፤ እሷ አልፈጠረችውም። ግን ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሚገባው ምሳሌ አቀረበችው። ልዩነቱ ለ9 እየተካፈለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ የተገኘበትን አጋጣሚ ከራሷ ልምድ ብትጨምርበት ደግሞ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ሰጠች ማለት ነው። በሙያ መታመን የሚመጣው በእንደዚህ ያለ ነገር ነው፤ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ችግር፣ አንድ የሚሠራ መልስ።

ጽሑፉን ሙሉ ለሙሉ ለቻትጂፒቲ መተውም መጨረሻው እዚሁ ስህተት ላይ ነው። ፊደል ለማረም ይርዳዎት። ሥራው ላይ ያዩትን ግን ያየው ሌላ የለም።

ትክክል መሆን ብቻውን ይበቃል ማለት

እዚህ ላይ የአንድ ሐኪም ታሪክ ማንሳት አለብኝ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ሆስፒታል ውስጥ በማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች፣ አዋላጆች ከሚሠሩበት ክፍል ይልቅ በጣም ይበዙ ነበር። እሱ ምክንያቱን ደረሰበት። ሐኪሞቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ ነበር በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚሄዱት። ሁሉም እጁን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላድ ወደ 18 የሚጠጋ የነበረው ሞት፣ በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ግን ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ለዚህ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው፤ «እጃችሁ ይገድላል» መባል አስቆጥቷቸው ነበር። እሱም ግን የነበረውን ማስረጃ በሚገባ አልተጠቀመበትም። ግኝቱን በሰፊው የሚያስረዳ መጽሐፍ ያሳተመው በ1861 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ። በመካከሉ ሐሳቡን በጽሑፍ ያሰራጩለት በአብዛኛው ወዳጆቹ ነበሩ፤ ነገሩም እየተዛባ ይደርስ ነበር። በኋላ ደግሞ ለታወቁ ሐኪሞች ግልጽ ደብዳቤ እየጻፈ ነፍሰ ገዳዮች አላቸው። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሞተ። ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ በመዘግየቱ ምክንያት የሞቱ እናቶች አሉና። ስለዚህ ያገኙትን ነገር አያቆዩት። ፍጹም እስኪሆን አይጠብቁ። ከነቁጥሩ፣ ሌላ ሰው ሊሞክረው በሚችልበት መልክ ያውጡት። የሚቃወም ሲመጣ መጀመሪያ ያልገባው የቱ እንደሆነ ይጠይቁት። ሰው ተሰድቦ አሠራሩን አይቀይርም፤ እውነቱ ከተሳዳቢው ጋር ቢሆን እንኳ።

በሁሉም ነገር አስተያየት መስጠት

ሊነስ ፖሊንግ በ1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 የሰላም ኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ሁለቱንም ከማንም ጋር ሳይካፈል። በ1970 ግን በብዛት የተወሰደ ቫይታሚን ሲ ጉንፋን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ሰው ስሙን አምኖ ኪኒኑን ገዛ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ለአብዛኛው ሰው እንደማይከላከል አሳዩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ከሜዳው ወጥቶ ከተሳሳተ፣ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን መገመት አያዳግትም። ክልልዎን ጠበብ ያድርጉት። «ማርኬቲንግ» ከማለት «አነስተኛ ድርጅቶች የድሮ ደንበኛ እንዴት ይመልሳሉ» ማለት ይሻላል። ከዚያ ውጭ ሲጠየቁ «ይህ የእኔ መስክ አይደለም፣ እገሌን ጠይቁ» ይበሉ። ይህን የሚል ሰው የበለጠ ይታመናል።

ባለሙያ ብቻ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን በፌት ለድርጅቱ ባለአክሲዮኖች ለብዙ ዓመታት በጻፋቸው ዓመታዊ ደብዳቤዎች ይታወቃል። ሲጽፍ ከእህቶቹ ከዶሪስና ከበርቲ ጋር እንደሚያወራ አድርጎ ያስብ እንደነበር ተናግሯል። ብልህ ነበሩ፣ ግን የሂሳብም የፋይናንስም ባለሙያ አልነበሩም። እርስዎም እንዲህ ያለ አንባቢ ይምረጡ፤ የሚያውቁት፣ የሚያከብሩት፣ ከሙያዎ ውጭ የሆነ ሰው። እሱ የማይገባው ቃል ከመጣ ይቀይሩት ወይም ያስረዱት።

ከአቋም ጋር ተጣብቆ መቅረት

ዳንኤል ካህነማን በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። በ2011 ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ በተመራማሪዎች ተደግሞ ሲሞከር ባልጸኑ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ ነበር። በ2017 ትችት ሲቀርብበት ራሱ መልስ ጻፈ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የተሠሩ ጥናቶችን ከልክ በላይ አምኜ ነበር አለ። በዚህ ክብሩ አልቀነሰም። እርስዎም የድሮ ጽሑፍዎ ስህተት ሆኖ ከተገኘ በዝምታ አያጥፉት። እዚያው ላይ «ይህን አሁን እንዲህ አየዋለሁ፣ ምክንያቱም…» ብለው ይጨምሩበት። አንባቢ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ይልቅ ከእርማቱ ሊማር ይችላል።

ሁለት ነገሮች ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። የሰው ሐሳብ ሲጠቀሙ ባለቤቱን በስሙ ይጥቀሱ። የደንበኛን ወይም የመሥሪያ ቤትን ምስጢር ደግሞ ለምሳሌ ብለው አያውጡ። ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ በዝርዝሩ ብዛት የሚለይ ድርጅት አለ።

ሥራውን ትቶ ወሬው ላይ መቅረት

ስም ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ስህተት ነው። የመድረክ ግብዣ ይበዛል፣ ፓናል ይበዛል፣ እጅ ከሥራው ይርቃል። ከዚያ ሰውየው ከ5 ዓመት በፊት ያውቀው የነበረውን እየደጋገመ ይናገራል። ሥራው ግን ተቀይሯል፤ መሣሪያውም፣ ሕጉም፣ ደንበኛውም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስዎ እጅ ይያዙ። ግብዣ ሲመጣ «በዚህ ጉዳይ በቅርቡ ምን ሠርቻለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ ካጡ፣ ሥራውን አሁን እየሠራ ላለው ባለሙያ ስልክ ይደውሉ፤ ፈቃደኛ ከሆነ ስሙን ለአዘጋጆቹ ይስጡ።