ኪክና ሃይሃት አብረው ሲመቱ አንዱ ይጠፋል፦ የፓድ አደራደር ችግርና መፍትሄ

በጣት የሚመታ ባለ 16 ፓድ (የመምቻ ቁልፍ) የከበሮ መሣሪያ ላይ ከታች ግራ 1 ብለን ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ላይ እንቆጥራለን። ኪክ ወፍራሙ የእግር ከበሮ፣ ስኔር ስለታም ድምፅ ያለው ከበሮ፣ ሃይሃት ጥንድ ሲምባል ነው።

ችግር፦ ቢቱ ሲፈጥን ሃይሃት ይዘላል፣ ስኔር ይዘገያል።

"ፓዱ ሞቷል" ተብሎ ለጥገና ከሚመጣው አብዛኛው ይኸው ነው። ያንኑ ፓድ ብቻውን ደጋግማችሁ ምቱት፤ ካልዘለለ ፓዱ ጤነኛ ነው፣ አትፍቱት!

ምክንያት፦ ብዙ መሣሪያ ፓዶቹን ከሚዲ ኖት (ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚሰጥ ቁጥር) 36 ጀምሮ በተርታ ይደረድራል። ኪክ (36) 1 ላይ፣ ስኔር (38) 3 ላይ፣ ዝግ ሃይሃት (42) 7 ላይ፣ ክፍት ሃይሃት (46) 11 ላይ ይወድቃሉ። የኋለኞቹ ሦስቱ አንድ ዓምድ ላይ ናቸው። ቀኝ እጅ ሁሉንም ያሯሩጣል፣ ግራው ኪክ ይዞ ይቀመጣል። ይህ ለቁጥር እንጂ ለጣት የተሠራ አይደለም።

መፍትሄ፦ ኪክ 2 ላይ ለግራ አውራ ጣት፣ ስኔር 6 ላይ ለግራ ጠቋሚ። ዝግ ሃይሃት 7 እና 8 ላይ፣ በቀኝ ጠቋሚና መሃል ጣት እየተፈራረቁ። ክፍት ሃይሃት 11 ላይ ይቆይ። ለስላሳ ስኔር የምታበዙ ከሆነ 5 ላይ ይደገም። ችክችካ በ6/8 ሲፈጥን በአንድ ጣት ሃይሃት መጫወት ክንድ ያደርቃል፤ በሁለት ጣት ግን ይፈሳል።

ዝግ ሃይሃት ሲደገም ሳምፕሉን (የተቀዳውን ድምፅ) ኮፒ አታድርጉ፤ ሁለቱንም ፓድ ኖት 42 ላይ አድርጉ። ኮፒ ካደረጋችሁ አዲሱ ከቾክ ግሩፑ (አንዱ ሲመታ ሌላውን ዝም ከሚያሰኘው ቡድን) ውጭ ይቀራል፣ ክፍቱ ሃይሃትም ዝም አይልም። ስትጨርሱ መሣሪያው ላይ ሴቭ አድርጉ። ሴቭ ሳያደርጉ ነቅለው "ጠፋብኝ" የሚሉ አያልቁም።

ችግር፦ ኪቱ (የድምፆቹ ስብስብ) ሲጫን ኪክ ቦታውን ለቆ ይገኛል።

በኤምፒሲ (የአካይ የፓድ መሣሪያ) አደራደር ፓድ 1 ኖት 37፣ ፓድ 2 ደግሞ 36 ነው። በኖት ስም ሳይሆን በቁጥር አስተካክሉ፤ 36ን አንዱ ፕሮግራም ሲ1፣ ሌላው ሲ2 ይለዋል።

ችግር፦ አንዱን ስትመቱ ጎረቤቱ ይጮሃል።

ትሬሾልዱን (ፓዱ እንደ ምት የሚቀበለውን ዝቅተኛ ጉልበት) በጥቂቱ ከፍ አድርጉ፤ ከበዛ ለስላሳው ምት ይጠፋል። ርካሽ ፓድ ላይ ከዚህ በላይ ተስፋ አታድርጉ።

የሁሉም ምት ጉልበት 127 (ከፍተኛው) ከሆነ ፉል ሌቭል (ሁሉን ምት እኩል የሚያደርገው ቁልፍ) በርቷል። ድምፁ ከጣት ኋላ ከቀረ በኮምፒውተሩ ላይ በፈርን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) 128 ሳምፕል አድርጉ፣ በ44,100 ኸርዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ግን ምንም አታስተካክሉም፤ ገመድ ሰኩ።