በመደብና በትምህርት ላይ የተጻፈ አዲስ ቴአትር ሲታይ የተመልካችን ስሜት እንዴት እናዳምጥ?

አዲስ ቴአትር ለመድረክ ያበቃ ቡድን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሕዝቡ ወደደው ወይ?» ብሎ ነው። የቴአትሩ ጉዳይ የኑሮ ልዩነትና ትምህርት ሲሆን ግን ይህ ጥያቄ አይበቃም። በአዳራሹ ውስጥ ልጁን በውድ የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ፣ በተጨናነቀ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሮ ያለፈ ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች እናት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ማን፣ በየትኛው ቃለ ተውኔት ላይ፣ ምን እንደተሰማው ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

የምርቃቱን ዕለት ከቁጥር አያስገቡ። ያን ዕለት የሚመጣው ቤተሰብ፣ የሙያ ባልደረባና የተጋበዘ እንግዳ ስለሆነ ጭብጨባው «እንኳን ደስ አላችሁ» ከማለት አይለይም። ማስታወሻ መያዝ የሚገባው ቲኬት ቆርጦ የገባ ተመልካች ከሚበዛበት ትርኢት ጀምሮ ነው።

ለዚህ ሥራ በቴአትሩ የማይተውኑ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጠው፣ የተውኔቱን ቅጂ ይዘው በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ለሣቅ «ሣ»፣ ለጭብጨባ «ጭ»፣ ለዝምታ «ዝ»። የስልክ ብርሃን በብዛት የታየበትን ቦታም ያስምሩበት፤ ተውኔቱ እዚያ ላይ ሳይላላ አልቀረም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሣቅ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ የሆነች ገጸ ባሕርይ በክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስታ አዳራሹ ቢሥቅ፣ ሣቁ በልጅቷ ላይ ነው ወይስ በሚያሸማቅቃት መምህር ላይ? የሁለቱን መዝጋቢዎች ቅጂ ሲያስተያዩ ከፊት ሣቅ፣ ርካሹ ወንበር ካለበት ከኋላ ዝምታ ተመዝግቦ ካገኙ፣ ተውኔቱ የሚናገርለት ሰው በራሱ ታሪክ ሲሣቅበት አምሽቷል ማለት ነው፤ ይህን በቸልታ ማለፍ በእኔ እምነት ትልቅ ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊውን ከመውቀስ በፊት ትወናውን ይመርምሩ፤ ቅዳሜ ሣቅ ያገኘች ተዋናይት እሑድ ስሕተቱን አጋንና ልታቀርበው ትችላለች። ኮሜዲ የመደብን ነገር ለመሸከም አቅም እንደማያንሰው መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» አሳይተውናል።

ዝምታም ሁልጊዜ መሰልቸት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ወጣት ውጤቱን ለእናቱ የሚነግርበት ትዕይንት ሲመጣ አዳራሹ ጸጥ ካለ፣ ብዙዎች የየቤታቸውን እያሰቡ እንደሆነ ይገምቱ፤ ያንን ጸጥታ ለማሳጠር ብለው ሙዚቃ አይጨምሩበት።

ከትርኢቱ በኋላ ተመልካቹን በመውጫው በር ላይ ያነጋግሩ። «ወደዱት?» ብለው ከጠየቁ ይሉኝታ ይመልስልዎታል። በዚያ ፈንታ «ከገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን ሰው ያስታወሰዎት አለ?» ወይም «እናትየዋ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለዕቁብ ማዋሏን ይፈርዱባታል?» ብለው ይጠይቁ። ውይይት ካዘጋጁ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን አስቀድመው ንግግር ላልለመዱት ይስጡ። የተማረው ስለ ጭብጥና ስለ አወቃቀር ከተናገረ በኋላ፣ ሌላው የራሱን ቃል የማይረባ አድርጎ ስለሚቆጥር ዝም ይላል፤ ቴአትሩ የሚያወግዘው ነገርም በአዳራሹ ውስጥ ይደገማል። ተውኔቱን በየሳምንቱ የሚሰሙትን የጽዳት ሠራተኞችና በር ጠባቂዎች መጠየቅም አይዘንጉ።

የሚቆጣ ተመልካች ይኖራል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን በሰው አምሳል ያቀረቡበት የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን መታገዱን ያስታወሰ አዘጋጅ በቁጣ ብዛት አይደነግጥም። «ባለሀብት ሁሉ እንዲህ አይደለም» የሚል አስተያየት ከተደጋገመ ግን ወደ ጽሑፉ ይመለሱና ባለሀብቱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ፍርሃትና ምክንያት ተሰጥቶት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተሰጠው ቁጣው ተገቢ ነው።

ሦስት ትርኢት ሳይመዘገብ ምንም አይቀይሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ያስተካክሉና፣ ሁለቱ መዝጋቢዎች ወንበር ተቀያይረው በዚያው ገጽ ላይ በሌላ ቀለም ምልክት ያድርጉ።