ሽፈራው የምትጠጡ፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት ላይ ያላችሁ

ሐዋሳ ገበያ ወጥታችሁ የሽፈራው ዱቄት ስትገዙ ሻጯ "ለስኳርም ለግፊትም ፍቱን ነው" ብላ ትመርቅላችኋለች። ቅጠሉ ምግብ ለመሆኑ ክርክር የለኝም፤ ኮንሶ ውስጥ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሚቀቀል ምግብ) ጋር ሲበላ የኖረ ነው። መድኃኒትነቱ ላይ ግን ቆም እንበል።

ስኳር ይቀንሳል የሚባለው ባዶ ወሬ አይደለም፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ናቸው። በሰው ላይ የተሠሩት ግን ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ደግሞ አብዛኛው ጥናት የህንዱን ዝርያ፣ ሞሪንጋ ኦሊፌራን የሚመለከት ነው። የእኛው የደቡቡ ሽፈራው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ዘመድ ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

አሁን ዋናው ነገር። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱ ሰዎች ዱቄቱን በየቀኑ ብትጨምሩበት ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይናችሁ ብዥ ካለ ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከዚያ ለኩ። መድኃኒቱን በሽፈራው መተካትማ አይታሰብም! ለሐኪማችሁም ሳትደብቁ ንገሩ፤ "ሻይ ነው እኮ" ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው።

ሥሩንና ቅርፊቱን አትንኩ፣ መርዛማ ነገር አለባቸው። እርጉዞች በተለይ።

ዱቄት ከመግዛት ቅጠሉን ገዝታችሁ አጥባችሁ ጥላ ሥር ብታደርቁት ይሻላል፤ መንገድ ዳር የተሰጣው አቧራውንም ጭምር ነው የሚሸጥላችሁ።