የአንጎል ዕጢ ናሙና ከየት ይወሰድ? ኤምአርአይን ይዘን የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ግሊዮማ (ከአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚነሳ ዕጢ) አንድ ወጥ አይደለም። በአንዱ ጥግ ግሬድ (ከ1 እስከ 4 የሚሰጥ የክፋት ደረጃ) 2 የሚመስል ሕዋስ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ግሬድ 4 ሊኖር ይችላል። የባዮፕሲ መርፌ የምታወጣው ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ በመሆኑ ቦታው ከተሳተ ፓቶሎጂስቱ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያልደረሰውን ሕዋስ ሊያይ አይችልም። ፐርፊዩዥን (የደም መጠን የሚለካ)፣ ዲፊዩዥን (የውኃ እንቅስቃሴ የሚለካ) እና ስፔክትሮስኮፒ (የኬሚካል ይዘት የሚለካ) የተባሉት የኤምአርአይ ዘዴዎች የሚያስፈልጉት ቦታ ለመምረጥ ነው።

ኮንትራስት ያልወሰደ ሁሉ ገር ነው ማለት

ዕጢው ኮንትራስቱን፣ ማለትም በደም ሥር የሚወጋውን ጋዶሊኒየም፣ መውሰዱ የሚናገረው የደም ሥሮቹ ማፍሰሳቸውን እንጂ ግሬዱን አይደለም። ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ግሬድ 1 ሆኖ ሳለ ደምቆ ይታያል፤ ምንም ያልደመቀ ግሊዮማ ደግሞ ግሬድ 3 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕጢ ሲያጋጥም መርፌውን ዝም ብሎ ወደ መሃል መላክ ስህተት ነው። የደም መጠኑ ከፍ፣ ኤዲሲው (በዲፊዩዥን የሚለካው የውኃ እንቅስቃሴ) ዝቅ ያለበት፣ ኮሊን (የሕዋስ ሽፋን ኬሚካል) ከኤንኤኤ (የጤነኛ ነርቭ ሕዋስ ኬሚካል) አንጻር የናረበት ቦታ ይፈለግ። ሦስቱ አንድ ቦታ ከተገናኙ ኢላማው እሱ ነው። ዕጢው ቀለበት ሠርቶ ከደመቀ መሃሉ በአብዛኛው የሞተ ሕዋስ ስለሆነ ናሙናው ከቀለበቱ ግድግዳ ይወሰዳል።

1.75ን ዳኛ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ2003 በ160 ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ አንጻራዊ የደም መጠን (ዕጢው ከጤነኛ ነጭ ክፍል ጋር ሲነጻጸር) 1.75 ሲሆን ከፍተኛ ግሬድን 95 በመቶ እንደሚይዝ አሳየ። ብዙዎች የሚያስታውሱት ይህንኑ ብቻ ነው። የዚያው ቁጥር ስፔሲፊሲቲ (ዝቅተኛውን ግሬድ በትክክል ዝቅተኛ የማለት አቅሙ) ግን 57.5 በመቶ ነበር፤ ማለትም ዝቅተኛ ግሬድ ካላቸው ዕጢዎች ብዙዎቹ ያለ ጥፋታቸው ይከሰሳሉ። ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ ዋነኛው ምሳሌ ነው፦ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ እንደ ሽቦ አጥር ስለሚጠላለፉ በግሬድ 2ም ቁጥሩ ይወጣል።

ከንባቡ በፊት ግን አለካኩ ይታይ። በእኛ ግምት አብዛኛው ብልሽት የሚፈጠረው የኮንትራስቱ መድኃኒት ሲወጋ ነው። ትክክለኛው አወጋግ፦ በኪሎ 0.1 ሚሊሞል፣ በ18 ወይም 20 ጌጅ ካኑላ፣ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በዚያው ፍጥነት 20 ሚሊ ሊትር ሳላይን። ቀጭን ካኑላ እጅ ላይ ተተክሎ በዝግታ ከተገፋ የምስሉ ሲግናል ኩርባ ይዘረጋል፤ ካርታውም አይታመንም። መወጋት ያለበት ቢያንስ 30 መነሻ ምስሎች ከተነሱ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ወደ ዕጢው ሲያፈስ ደግሞ ኩርባው ከመነሻው በላይ ይወጣና የደም መጠኑ ካለው ያነሰ ይመስላል። መፍትሔው ፍሊፕ አንግሉን (የኤምአርአዩን የሬዲዮ ምት ማዕዘን) 30 ዲግሪ ማድረግ ነው፤ 60 ከሆነ ግን ቀድሞ ሌላ ዶዝ መስጠት ያስፈልጋል። በሁለቱም መንገድ የሶፍትዌር እርማቱ አይቀርም።

ሌላው አደጋ በካርታው ላይ ከሁሉ የቀላችው ነጥብ ራሷ የደም ሥር መሆኗ ነው። እሷን ኢላማ ያደረገ ሰው መርፌውን ወደ ደም መፍሰስ ይልካል። ኮንትራስት ከተሰጠ በኋላ ከተነሳው ቲ1 (የአካሉን ቅርጽ የሚያሳይ ምስል) ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ማነጻጸሪያውም ከተቃራኒው ወገን ጤነኛ ነጭ ክፍል እንጂ ከኮርቴክስ (ከአንጎል ውጫዊ ግራጫ ክፍል) አይወሰድ።

ስፔክትሮስኮፒን ከራስ ቅል አስጠግቶ መለካት

ቮክስሉ (የሚለካው ሳጥን) አጥንቱን ከነካ የራስ ቅል ስብ በ1.3 ፒፒኤም (በስፔክትሮስኮፒው ገበታ ላይ ያለ ነጥብ) ላይ ገብቶ የሞተ ሕዋስ ያለ ያስመስላል። በነገራችን ላይ ቲዩበርኩሎማም (የአንጎል ቲቢ እብጠት) ትልቅ የሊፒድ (የስብ) ጫፍ ያሳያል፤ ቲቢ በብዛት ባለባት ኢትዮጵያ ቀለበት የሠራ እብጠትን ሁሉ ግሊዮብላስቶማ (ግሬድ 4 ግሊዮማ) ማለት አይገባም። ቮክስሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር በሁለት ከሆነ አነስተኛ ዕጢ ከጤነኛ አንጎል ጋር ተደባልቆ ይለካል።

በዲፊዩዥን ላይ የነጣውን ብቻ ማየት

የኤዲሲ ካርታ ካልጠቆረ ንጣቱ የቲ2 (ፈሳሽ ያለበትን የሚያነጣ የምስል ባሕርይ) ውጤት ሊሆን ይችላል። ከቀለበቱ ይልቅ መሃሉ በኤዲሲ ከጠቆረ መግል ይጠርጠር፤ ደምም እንዲሁ ያታልላል።

ሊምፎማ እየተጠረጠረ ዴክሳሜታዞን መጀመር

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ በመሆኑ ሊምፎማው (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ሟሽሾ ናሙናው ባዶ ሊመለስ ይችላል። ሕይወት የሚያሰጋ የአንጎል ግፊት ከሌለ ባዮፕሲው ይቅደም።

ካርታውን ሳያጣሩ ናቪጌሽን (መርፌውን በምስል የሚመራ ኮምፒውተር) ላይ መጫን

ፐርፊዩዥንና ዲፊዩዥን የሚነሱበት ፈጣን ዘዴ ከሳይነስና ከጆሮ አጥንት አጠገብ ምስሉን በሚሊ ሜትሮች ይጎትታል። የመርፌው መቁረጫ መስኮት 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይህ ስህተት ቀላል አይደለም። ካርታው 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቲ1 ላይ ከተደረበ በኋላ የቬንትሪክል ጠርዝና በኢላማው ዙሪያ ያሉት ስንጥቆች መግጠማቸውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የሶፍትዌሩ «ተሳክቷል» ማለት አይበቃም። በቀዶ ጥገናው የአንጎል ፈሳሽ ሲፈስ አንጎል ስለሚሰምጥ ከአንድ ነጥብ ይልቅ በአንዱ መስመር ላይ ተከታታይ ናሙና ይወሰድ፤ ከመዝጋትም በፊት በፈጣን ምርመራ ይታይ።

ሪፖርት ላይ «ግሬድ 2» ብሎ መደምደም

በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ፣ አይዲኤች የተባለው ጂን ያልተቀየረበት፣ ተሰራጭቶ የሚያድግ የአዋቂ አስትሮሳይቶማ (የግሊዮማ ዓይነት) የቴርት ጂን ፕሮሞተር (ማስጀመሪያ ክፍል) ለውጥ፣ የኢጂኤፍአር ጂን መባዛት ወይም የክሮሞዞም 7 ጭማሪ ከ10 መጥፋት ጋር ካለው፣ ሕዋሱ ገር ቢመስልም ግሊዮብላስቶማ ግሬድ 4 ነው። ይህን ምስል አያነብም። ናሙናዎቹ በየተወሰዱበት ቦታ ተለጥፈው፣ ካርታው ያሳየው ተጽፎላቸው ወደ ፓቶሎጂ ይሂዱ፤ ውጤቱ ከምስሉ ዝቅ ብሎ ከተመለሰ በመጀመሪያ መርፌው የት እንደነበረች ይጠየቅ።